ፔይፓልና የባንክ ሂሳባችን፦ ከሻጭ የሚሰውረውና ለራሱ የሚያስቀረው

በኢንተርኔት ገንዘብ የምንከፍልበትንና የምንቀበልበትን የፔይፓልን ፍጥነትና የአገልግሎት ክፍያ ለሌሎች ትቼ የምመዝነው በአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ የባንክ ሂሳባችንን ብናስመዘግብበት መረጃው በማን እጅ ይገባል?

እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተው ይህ አገልግሎት ለገዢ የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም በእሱና በሻጩ መካከል መቆሙ ነው። ሻጩ ስማችንን፣ የኢሜይል አድራሻችንንና ዕቃው የሚላክበትን ቦታ ያያል እንጂ የካርድ ወይም የሂሳብ ቁጥራችን አይደርሰውም፤ በመሆኑም የሱቁ የመረጃ ቋት ቢዘረፍ እንኳ ዘራፊው ከዚያ የእኛን ቁጥር አያገኝም። ቁጥራችን በየሱቁ ተበትኖ ከሚቀመጥ በአንድ ድርጅት እጅ መሆኑን እመርጣለሁ።

ነገር ግን ከሻጩ የተሰወረው ሁሉ በፔይፓል ዘንድ ይከማቻል። ከማን፣ መቼና በስንት ገንዘብ እንደገዛን፣ በየትኛው ስልክ ወይም ኮምፒውተር እንደከፈልን ያውቃል፤ ይህንንም መረጃ ለማጭበርበር መከላከያም ሆነ ለሌላ ዓላማ ከበርካታ ድርጅቶች ጋር እንደሚጋራ የግላዊነት ፖሊሲው ራሱ ይናገራል። የፔይፓል ሂሳባችንን ብንዘጋም ሕግ ያስገድደኛል የሚላቸውን መዝገቦች ወዲያውኑ አያጠፋም።

ከሁሉም በላይ ሊጤን የሚገባው የባንክ ሂሳብ የሚያያዝበት መንገድ ነው። አንደኛው መንገድ የሂሳብ ቁጥሩን ብቻ መስጠት ነው፤ ከጥቂት የሥራ ቀናት በኋላ ሁለት የሳንቲም ገቢዎች በሂሳባችን ላይ ይታያሉ፣ እኛም መጠናቸውን በትክክል አስገብተን የሂሳቡ ባለቤት መሆናችንን እናረጋግጣለን። ሁለተኛው ፈጣኑ ሲሆን በኢንተርኔት ወደ ባንካችን የምንገባበትን መለያና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ቀን መጠበቅ ቢያሰለችም የመጀመሪያውን አጥብቄ እመክራለሁ፤ የሂሳብ ቁጥር ያለው ሰው የቁጠባችንን ልክና የወር ገቢያችንን አያይም፣ የይለፍ ቃል ያለው ግን ሁሉንም ያያል።

ስጋቱ መላምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 አጥቂዎች ከሌላ ቦታ በተሰረቁ የይለፍ ቃሎች ወደ 35 ሺህ ገደማ የፔይፓል ሂሳቦች ገብተው የተጠቃሚዎችን ስም፣ አድራሻና የልደት ቀን የማየት ዕድል አግኝተው ነበር። በዚህ ሳቢያ የኒውዮርክ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2025 ኩባንያውን 2 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። የአጥቂዎቹ ስልት የሠራው ሰዎች አንድን የይለፍ ቃል በብዙ ቦታ ስለሚጠቀሙ ነው፤ ስለዚህ ለፔይፓል ብቻ የሚሆን የይለፍ ቃል ማውጣትና ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ ሌላ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) ማብራት ለነገ የሚባል አይደለም።

ለግዢ ብቻ የሚጠቀምበት ሰው ከባንክ ሂሳብ ይልቅ ክሬዲት ካርድ ቢያያይዝ ይሻለዋል ባይ ነኝ፤ ስርቆት ቢፈጸም ክርክሩ በባንኩ ገንዘብ ላይ ይሆናል እንጂ የራሱ ተቀማጭ ቀድሞ አይወጣም። ገንዘብ ለመቀበል የባንክ ሂሳብ ማያያዝ ግድ የሚሆንበት ሰው ደግሞ ደመወዝና ቁጠባ የማይገቡበት፣ ለዚሁ የተለየ ሂሳብ ይክፈት። በፔይፓል ቅንብር ውስጥ ያለውን የራስ-ሰር ክፍያዎች ዝርዝርም አልፎ አልፎ ይመልከት፤ አንድ ጊዜ የተፈቀደለት ሻጭ ፈቃዱ እስኪሰረዝ ድረስ በየጊዜው መቁረጡን ሊቀጥል ይችላል።