በእንግድነት ልግዛ ወይስ አካውንት ልክፈት? ለኦንላይን ሸማች የቀረበ ንጽጽር

ዕቃው ተመርጧል፣ መጠኑም ቀለሙም ተነክቷል፣ የቀረው መክፈል ነው። እዚህ ላይ ገጹ ሁለት መንገድ ያሳያል። አንዱ በትልቁ "ይግቡ ወይም አካውንት ይክፈቱ" ይላል። ሌላው፣ ብዙውን ጊዜ ከሥር በትንንሽ ፊደል፣ "እንደ እንግዳ ይቀጥሉ" ይላል። የቸኮለ ሰው እንግዳውን ይነካል። ቅናሽ ያየ ደግሞ አካውንቱን። እኔ የምለየው ግን በአንድ ጥያቄ ነው፦ ከከፈልኩ በኋላ ወደዚህ ሱቅ የሚመልሰኝ ጉዳይ አለ?

የስልክ ሽፋን ወይም አንድ መጽሐፍ ከሆነ የለም፤ በእንግድነት ገዝቶ መሄድ ነው። ጫማ፣ ላፕቶፕ ወይም የሕፃን ወተት ከሆነ ግን አለ። ጫማው ሊጠብ፣ ላፕቶፑ ሊበላሽ ይችላል፤ ወተቱማ ማለቁ አይቀርም።

እንግዳውም ስሙን ትቶ ይሄዳል

በእንግድነት የገዛ ሰው ዱካ የለውም የሚሉ አሉ። ልክ አይደለም። ስም፣ አድራሻ፣ ስልክና ኢሜይል ሱቁ ዘንድ ይቀራሉ፤ ያለ እነሱ ዕቃው አይደርስም። እዚያ የማይቀመጠው የይለፍ ቃል ነው። ካርዱም አብዛኛውን ጊዜ ለቀጣይ ግዢ ተብሎ አይያዝም።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. የኦንላይን ገበያው ኢቤይ የመረጃ ቋቱ ተሰብሮ 145 ሚሊዮን ገደማ ተጠቃሚዎቹን የይለፍ ቃል ቀይሩ ለማለት ተገዷል። ከተነኩት መረጃዎች መካከል ስም፣ አድራሻ፣ ስልክና የልደት ቀን ነበሩበት። ሌቦች ኢሜይልና የይለፍ ቃል ያለበት ዝርዝር እጃቸው ሲገባ ያንኑ ኢሜይልና ያንኑ የይለፍ ቃል ሌላ ሌላ ቦታ ላይ እየሞከሩ ይሄዳሉ። ለሁሉም ቦታ አንድ የይለፍ ቃል የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ድሮ መጋረጃ የገዛችሁበትና የረሳችሁት ሱቅ ዛሬ ኢሜይላችሁን ሊያስከፍት ይችላል።

የእንግድነቱ ደካማ ጎን ሌላ ነው። ኢሜይል ስትጽፉ አንዲት ፊደል ብትሳሳቱ፣ ማረጋገጫው ለማታውቁት ሰው ይሄዳል ወይም የትም አይደርስም። ገብታችሁ የምታዩበት አካውንት የለም። እጃችሁ ላይ ያለው ባንኩ የላከው የ"ተቀናሽ ሆኗል" መልእክት ብቻ ነው። ሱቆች የእንግዳን ትዕዛዝ የሚፈልጉት በአብዛኛው በትዕዛዝ ቁጥርና በኢሜይል ወይም በፖስታ ኮድ ነው፤ ሁለቱም ከሌሉ ደንበኛ አገልግሎት ጋር መጨቃጨቅ ይመጣል። ስለዚህ ከመክፈል በፊት ኢሜይሉን ፊደል በፊደል አንብቡት። ከከፈላችሁ በኋላ ደግሞ የመጨረሻውን ገጽ ስክሪንሾት አንሱ። ገጹን ከዘጋችሁት ቁጥሩን መልሶ ማግኘት ፈተና ነው።

አካውንት የሚያዋጣበት ቦታ

አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ሻጩ ለአዲስ ዕቃ ቢያንስ የሁለት ዓመት ዋስትና እንዲሰጥ ሕጉ ያስገድዳል። ዕቃው በ18ኛው ወር ሲበላሽ ደረሰኙን የት አደረግሁት የሚለው ጥያቄ ይመጣል። አካውንት ያለው ሰው "ትዕዛዞቼ" የሚለውን ከፍቶ ያወርደዋል። እንግዳው ኢሜይሉን ሲበረብር ያመሻል።

አንድ ነገር ግን አትምታቱ። በአውሮፓ ኅብረት ኦንላይን የተገዛን ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ሐሳብ ቀይሮ የመመለስ መብት ለእንግዳውም ለባለ አካውንቱም እኩል ነው፤ እንደ ምግብና በልክ እንደተሠራ ዕቃ ያሉ የተለዩ ነገሮች ሲቀሩ። አሜሪካ ውስጥ መመለስ በአብዛኛው የሱቁ ፖሊሲ ጉዳይ ነው። እዚያም ክሬዲት ካርዳችሁ ያለፈቃዳችሁ ጥቅም ላይ ቢውል፣ የፌዴራል ሕጉ ኃላፊነታችሁን ከ50 ዶላር አያሳልፈውም። "አካውንት ካልከፈትኩ መብት የለኝም" ብሎ የሚሰጋ ሰው በከንቱ ነው የሚሰጋው።

የአየር ትኬት ከዚህ ክርክር ውጪ ነው ማለት ይቻላል። ስድስት ፊደላትና ቁጥሮች ያሉት የቦታ ማስያዣ ኮድና ትኬቱ ላይ ያለው የመጨረሻ ስም ካላችሁ ትኬታችሁን ታገኛላችሁ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚመላለስ ሰው ግን የሼባ ማይልስ (የአየር መንገዱ የተደጋጋሚ ተጓዦች ነጥብ) ቁጥሩን ማስገባት እንዳይረሳ።

አዲስ አበባ ላለ ቤተሰብ ስጦታ ሲላክ

ይህኛው ለብዙዎቻችን ዋናው ጉዳይ ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ሆኖ ለፋሲካ በግ፣ ለልደት ኬክ የሚልክ ሰው በዓመት ደጋግሞ የሚሞላው ፎርም አለ። ፎርሙ የመንገድ ስምና የፖስታ ኮድ ይጠይቃል። እናት ቤት ግን አድራሻው "ገርጂ፣ ከጊዮርጊስ ገባ ብሎ፣ አረንጓዴው በር" ነው። እውነተኛው አድራሻ ስልኳ ነው፤ አድራሹ ደውሎ ነው የሚያገኛት። አንድ ቁጥር ከተሳሳተ በጉ መኪና ላይ እንደታሰረ ይውላል።

እዚህ ላይ ያለ ማመንታት አካውንት እላለሁ። አንዴ በትክክል የደረሰበት ስልክና አቅጣጫ ተቀምጦ ይቆያል፤ ለገናም ለመስቀልም እሱን መንካት ብቻ ነው። ካርዱን ግን አታስቀምጡ። በዓመት ሦስት ጊዜ 16 አሃዝ መጻፍ አያደክምም።

አገር ቤት ሆኖ ለሚገዛው ልዩነቱ ይጠባል። ብዙ ቦታ አካውንት ማለት ስልክ ቁጥርና በኤስኤምኤስ የሚመጣ ኮድ ነው። ክፍያው ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው በቴሌብር ከሆነ እሱም ከስልኩ ጋር የታሰረ ነው። የሚረሳ የይለፍ ቃል የለም፤ ሲም ካርዱ ከጠፋ ወይም ቁጥሩ ከተቀየረ ግን የግዢ ታሪኩም አብሮ ሊሄድ ይችላል። በቴሌግራም ቻናል አዝዞ ዕቃው ሲደርስ የሚከፍል ሰው ደግሞ ምንጊዜም እንግዳ ነው። ዕቃውን አድራሹ ሳይሄድ ይክፈተው።

ምርጫ የሌለበት፣ መሃል ያለበት

አማዞን ያለ አካውንት አይሸጥም፤ አበቃ። ኢቤይ በቁርጥ ዋጋ የቀረበውን ለእንግዳ ይሸጣል፣ ጨረታ ለመግባት ግን መመዝገብ ግድ ነው። ጀርመን ውስጥ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣናት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጡት አቋም ኦንላይን ሱቆች በመርህ ደረጃ የእንግዳ መንገድ ሊያቀርቡ ይገባል ብለዋል።

ሱቆቹ ራሳቸው ሲያስገድዱ ይጎዳሉ። ጃሬድ ስፑል የተባለው የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያ በ2009 እ.ኤ.አ. ስሙን ያልጠቀሰውን የአንድ ትልቅ ሱቅ ታሪክ ጽፏል። "ይመዝገቡ" የሚለውን ቁልፍ "ቀጥል" በሚል ተኩት፤ በአንድ ዓመት ሽያጩ በ300 ሚሊዮን ዶላር ጨመረ። እኔን የገረመኝ ሌላው ነው። ከደንበኞቹ 45 በመቶዎቹ ከአንድ በላይ አካውንት ነበራቸው፣ እስከ 10 የደረሰ ሁሉ ነበር። በየትኛው ኢሜይል እንደተመዘገቡ ረስተው እንደ አዲስ ይከፍታሉ ማለት ነው። የማይገባበት አካውንት ደግሞ የእንግዳውን ጣጣ ከባለ አካውንቱ አደጋ ጋር ደርቦ ይዟል።

ስለዚህ ለማላውቀው ሱቅ የምመርጠው መንገድ ይህ ነው። መጀመሪያ በእንግድነት መግዛት፣ ክፍያውንም ካለ በአፕል ፔይ ወይም በፔይፓል ማድረግ፤ ሱቁ የካርዱን ቁጥር አያየውም። ዕቃው በጊዜው ከደረሰና ከተስማማ፣ በዚያው ኢሜይል አካውንት መክፈት። አንዳንድ ሱቆች የድሮውን ትዕዛዝ ራሳቸው ያያይዙታል።

ያረጁ አካውንቶች ካሏችሁም ዝጓቸው። ጀርመንና ፈረንሳይ ያለው ሰው በአውሮፓ ሕግ መረጃው እንዲሰረዝ መጠየቅ ይችላል። ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። ከመዝጋታችሁ በፊት ግን ዋስትናቸው ያላለቀ ዕቃዎችን ደረሰኝ አውርዱ፤ አካውንቱ ከተዘጋ በኋላ "ትዕዛዞቼ" የሚለው ገጽ አብሮ ይጠፋል።