አዘዞ ድረስ የሄደው አበባ

ሰላም ጎንደሬዎች። የምጽፈው ከአዲስ አበባ ነው፤ ጉዳዩ ግን የእናንተው ከተማ ነው። ላመሰግናት የምፈልጋት አንዲት አበባ ሻጭ አለች። ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ ግን ስለ አንድ እቅፍ አበባ ለምን ይሄን ያህል እንደማወራ አይገባችሁምና ትንሽ ታገሱኝ።

እማዬ የምትኖረው እዚያው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። የተወለደችው በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ነው። ቀኑን አትጠራጠርም፣ ዓመቱን ግን እንጃ። «አብዮቱ ሲፈነዳ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ» ትላለች አንዳንዴ። ሌላ ጊዜ አስር ሞልቷት ነበር። ስለዚህ ስልሳ ትሁን ስልሳ ሁለት፣ እኛ ልጆቿ የካቲት 16 ሲደርስ ደውለን እንኳን ተወለድሽ እንላታለን። እሷም «ልደት የፈረንጅ ነው፣ እኔ የማከብረው ኪዳነ ምሕረትን ነው» ብላ ትቆጣናለች። ቁጣዋን አትመኑት። ሳንደውል ከዋልን ሳምንት ታኮርፋለች።

ዓምና «አበባ ልላክላትና ላስደንቃት» አልኩ። ስልኬ ላይ ያየሁት አንድ ቦታ አዘዝኩ። ስሙን አልጠራም፣ መጥራትም አልፈልግም። ፎቶው ላይ ያለው አበባ አፍ ያስከፍታል። ብሩን ሙሉውን አስቀድመው ተቀበሉኝና «ዛሬውኑ ይደርሳል» አሉ። ከሰዓት ስደውል «መንገድ ላይ ነው»። አመሻሽ ላይ ስደውል «ደርሷል ማለት ይቻላል»። (ይቻላል ማለት ምን ማለት ነው?) ማታ ስደውል ስልኩ ዝግ።

በማግስቱ፣ ገና አስራ ሁለት ሰዓት እንኳን ሳይሞላ፣ አንድ የማይታወቅ ሰው የእማዬን በር ደበደበ። ነጭ አበባ ይዞ።

እስቲ አስቡት። በዚያ ሰዓት የማታውቁት ሰው በር ሲመታ ምን ይመጣባችኋል? መርዶ ነዋ! መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። አበባው ደግሞ ክብ ተደርጎ የተሰራ፣ ለቀብር የሚያዘውን ጉንጉን ቁርጥ። እኔ አዲስ አበባ፣ ወንድሜ ሐዋሳ፣ ቤት ውስጥ ከሷ ጋር ያለች አንዲት የአክስቴ ልጅ ብቻ። እማዬ «ማንኛቸው ናቸው?» ብላ ጮኸች። ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። ያመጣው ልጅ ምን እንዳጠፋ ሳይገባው አበባውን ደጃፍ ላይ አስቀምጦ ሄደ። እኔ ከእንቅልፌ ተነስቼ በስልክ ድምፄን እስካሰማትና ወንድሜም እስኪደውል ድረስ የለቅሶ ቤት ሆኖ ቆየ። ደም ግፊት አለባት፣ ያን ቀን ሙሉ ተኝታ ዋለች።

ደውዬ ብጮህባቸው የሰጡኝ መልስ «ደርሷል አይደል እንዴ?» የሚል ነበር። ይቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ከዚያ በኋላ አበባ የሚባል ነገር ለእማዬ አልልክም ብዬ ማልኩ። ዘንድሮ ቀኑ ጾም ላይ ዋለ፣ ኬክም አይሆንም። ደውዬ ብቻ ልለፈው ብዬ ቢሮ ገባሁ። አራት ሰዓት ገደማ ግን አጠገቤ ለምትቀመጥ ልጅ እጮኛዋ አበባ ላከላት። ቢሮው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ሆዴ ግን ተላወሰ። ለዚህች የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ አበባ ሲመጣ፣ እኔን ያሳደገችኝ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ የደረሳት አበባ አንድ ብቻ፣ እሱም መርዶ የመሰለ።

መሐላዬን አፈረስኩ። ሁለት ቦታ ደወልኩ። አንዱ «ከሁለት ቀን በፊት ነበር ማዘዝ የነበረብሽ» አለኝ። እሺ፣ እውነቱን ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሁለተኛው «አዘዞ አንሄድም፣ ፒያሳ መጥተው ይውሰዱ» አለ። እናቴ ለልደቷ የራሷን አበባ በታክሲ ሄዳ ታምጣ ማለት ነው እንግዲህ! እኔን የገረመኝ ደግሞ ሌላ ነው። እዚሁ አጠገባችን ሆለታ በሉት ሰበታ በሉት፣ ራቅ ካላችሁም ባቱ፣ ጽጌረዳው በአውሮፕላን እየተጫነ ሆላንድ ይሄዳል። ለሆላንድ የሚደርስ አበባ ለአዘዞ አልደርስ አለ።

ጎንደር ያደገች የሥራ ባልደረባዬ ናት የዚህችን ሴትዮ ስልክ የሰጠችኝ። ደወልኩ። አምስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ገና አዘዞ ስላት «አዘዞ የት ጋ?» አለች። አንሄድም የለም፣ ሩቅ ነው የለም። የት ጋ ብቻ። ያኔ ነው ልቤ ትንሽ የተረጋጋው።

አሁኑኑ ላኪልኝ ስላት ግን አቆመችኝ። «የኔ እናት፣ ዛሬ ኪዳነ ምሕረት ናት፣ ያውም በጾም። እናትሽ ቤተክርስቲያን አይደሉም? ቅዳሴ ሳይወጣ ብንሄድ ማንን እናገኛለን?» አለች። እኔ የእናቴን ቀን እረሳለሁ፣ እሷ የማታውቃትን ሴት የቅዳሴ መውጫ ታሰላለች! ቅዳሴ ወጥቶ፣ እህል ቀምሳ፣ ቡና ሲቀራረብ፣ አስር ሰዓት ላይ ይድረስ ተባባልን።

ከዚያ ዓምና የሆነውን ነገርኳት። ለምን እንደነገርኳት አላውቅም፣ ሰው እንዲህ ሲያዳምጣችሁ አፋችሁ ይከፈታል። ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ። «አለሁ፣ እያሰብኩ ነው» አለች። ከዚያ ያለችኝን እንዳለ ልጻፈው፦

«ነጭ አናደርግም። ክብም አናደርግም። ልጁ መጀመሪያ ባዶ እጁን ይገባል። አበባው ባጃጅ ውስጥ ይቆያል። እንኳን አደረስዎት ይላቸዋል፣ ያንቺንም የወንድምሽንም ስም ጠርቶ ደህና ናቸው፣ የደስታ ነው የመጣሁት ይላል። ከተቀመጡ በኋላ ነው አበባው የሚገባው።»

ቢሮ ውስጥ እንባዬ መጣ፣ ምን ልዋሻችሁ። ይሄን ማንም አላስተማራትም። ገንዘብም አልጠየቀችበትም። ያላየቻትን ሴት እንዳትደነግጥ ብላ ነው ቁጭ ብላ ያሰበችው።

ሌላም አለ። ቀይ ጽጌረዳ ነበር የፈለግኩት። «አለኝ፣ ግን ከገባ ሦስት ቀኑ ነው፣ ነገ አንገቱን ይደፋል፣ ለእናት አልሰጠውም» አለች። ትናንት የገባ ሮዝና ቢጫ እንዳላት ነግራኝ ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርጋ ፎቶ ላከችልኝ። እውነቱን ለመናገር እኔ ልዩነቱን አላየሁም። ቀዩን ሸጣልኝ ቢሆን በምን አውቅ ነበር? አዲስ አበባ ሆኜ! ዋጋውም 1,800 ብር ከነማድረሻው። ግማሹን በቴሌብር ላኪ፣ ግማሹን እናትሽ እጅ ሲገባ አለች። ሙሉውን አስቀድሜ ለመላክ ለምኜ ነው የተቀበለችኝ።

አስር ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኬ ጠራ። ልጁ ነው፣ በሩ ላይ ሆኖ። «መስመሩን አልዘጋውም፣ ያዳምጡ» አለኝ። ሰማሁት። «እማማ፣ እንኳን አደረስዎት፣ አይደንግጡ፣ የደስታ ነው» ሲል። የእማዬን «ልጄዋ፣ አንተ የማን ነህ? ግባ ግባ» ማለት ሰማሁ። ከዚያ ትንሽ ጸጥታ፣ ከዚያ የባጃጅ በር፣ ከዚያ እልልታ። የመጀመሪያዋ የአክስቴ ልጅ ናት፣ ሁለተኛዋ ራሷ እማዬ። ልደት የፈረንጅ ነው የምትለዋ!

ካርዱን ልጁ አነበበላት። ዓይኗ ደክሟል፣ መነጽሯን ደግሞ አታደርግም። አበባ ሻጯ ይሄንንም አስቀድማ ጠይቃኝ ነበር፣ «የሚያነብላቸው አለ?» ብላ።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሴትዮዋ ደወለችልኝ፣ እየሳቀች። «ልጁ የት ቀረ ብዬ ብደውልለት ቶና ላይ ነኝ፣ ሳልጨርስ አይለቁኝም ይለኛል!» እማዬ ናት እንግዲህ። ሽሮ አብልታው፣ አቦሉን አጠጥታው፣ ሁለተኛው ላይ ናቸው። የባጃጁ ሹፌርም አብሮ ገብቷል። ለጠፋው ጊዜ ልክፈል ብላት «ቡና ጠጥተው ነው የከረሙት፣ ምን ይከፈልበታል» አለች።

ስለ አያያዙም ብዙ ነገር ነግራኛለች፣ አገዳውን እንዴት አድርጎ ገደድ እንደሚቆረጥ፣ ውሃው በየቀኑ እንደሚቀየር፣ ሌላው አልገባኝም። አንዷን ግን ይዣታለሁ፣ የበሰለ ሙዝ አጠገብ አታስቀምጡት ብላለች፣ ቶሎ ያረግፈዋል አለች። ለእማዬ ስነግራት ጊዜ ሳታጠፋ ቤት ያለውን ሙዝ በሙሉ ለጎረቤት ልጆች አደለች። አበባው ይሄን ስጽፍ ዘጠነኛ ቀኑን ይዟል።

ስለዚህ ጎንደር ያላችሁ፣ ወይ እንደኔ ርቃችሁ እናት አባት ጎንደር ያላችሁ፣ እባካችሁ ከዚህች ሴት እዘዙ። ልደት ይሁን፣ ምርቃት ይሁን፣ የወለደች ትሁን፣ ከሷ እዘዙ። ሱቋ ፒያሳ ነው፣ ከፖስታ ቤቱ ብዙም ሳትርቁ። ጠባብ ናት። መንገዱ ሲሰራ ታፔላዋ ተነስቶ እስካሁን አልተመለሰም፣ በሩ ላይ የተደረደሩ ባልዲዎች ስታዩ እሷ ናት። ስሟን እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ ነው የተውኩት፣ ስልኳን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። ከተቻለ በዋዜማው እዘዙ፣ እኔ ያደረግኩትን አታድርጉ። የፍቅረኞች ቀን ሰሞን ቢሆን ኖሮ በዕለቱ አልችልልሽም ነበር ብላኛለች፣ ሰዓት አላባከነችም፣ የማትችለውን እችላለሁ አትልም። ደግሜ እላለሁ፣ ከሷ እዘዙ።

ትናንት እማዬ ጋ ስደውል ስለ አበባው ታወራኛለች ብዬ ነበር። «ያ ልጅ የማን ልጅ ነው? ጨዋ ነው። ሚስት አለው?» አለችኝ። እኔ ምን አውቄ! የሴትዮዋን ስልክ ሰጠኋት። ዛሬ የአክስቴ ልጅ እንደነገረችኝ ጠዋት ተደዋውለው ግማሽ ሰዓት አውርተዋል።