የመጀመሪያ ተራራችሁ የቱ ይሁን? ሰሜን፣ ባሌ ወይስ ኪሊማንጃሮ

ተራራ መውጣት የሚያምረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ቁመቱን ነው። ራስ ደጀን 4,550 ሜትር፣ የባሌው ቱሉ ዲምቱ 4,377፣ ኪሊማንጃሮ 5,895። እኔ ግን ለጉዞ ከመክፈላችሁ በፊት ሌላ ነገር እንድትጠይቁ እፈልጋለሁ፦ ማታ የምንተኛው ስንት ሜትር ላይ ነው?

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰውነታችን ስስ አየር የሚለምደው ቀስ እያለ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲኬድ የመኝታን ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አለማድረግ ይመከራል። ከተቻኮልን ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ይከተላሉ። ጉልበት እዚህ ላይ አያድንም። በየቀኑ የሚሮጥ ጎረምሳ ታሞ ሲወርድ፣ ረጋ ብለው የሚራመዱ እናት ጫፍ ላይ ይደርሳሉ።

በዚህ መለኪያ ለጀማሪ ሰሜን ተራሮች ይበልጥብኛል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ ፓርኩ ቢሮ ተመዝግባችሁ አስጎብኚ፣ ስካውት (የታጠቀ የፓርክ ጠባቂ)፣ በቅሎና ባለ በቅሎ ትይዛላችሁ። ከዚያ መኝታችሁን ተመልከቱ፦ ሳንቃበር 3,250 ሜትር፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620። ከጨነቅ ወደ ራስ ደጀን የሚያልፍ ሰው ደግሞ አምቢቆ ላይ 3,200 አካባቢ ወርዶ ያድራል። ቀን ከፍ ይላል፣ ማታ ዝቅ ይላል። ለሰውነት ከዚህ የተሻለ አካሄድ የለም። መንገዱም አያሰለችም። ጭላዳው ሜዳው ላይ ሣር እየነቀለ አጠገባችሁ ይውላል፣ ዋልያውን ጨነቅ ገደል ላይ ታዩታላችሁ።

የራስ ደጀን ቀን ግን ከባድ ነው። ከአምቢቆ 1,350 ሜትር ወጥቶ ያንኑ መውረድ ነው፤ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ይወስዳል። እዚያ ለመድረስም ገደል ወርዶ የመሸሃን ወንዝ መሻገር አለ፤ ሲመለሱ ያንኑ ገደል ዳግም መውጣት ነው። ቀናችሁ ጥቂት ከሆነ በግልጽ ልንገራችሁ፦ ብዋሂትን ውጡ። 4,430 ሜትር ነው፤ ከራስ ደጀን የሚያንሰው በ120 ሜትር ብቻ። ከጨነቅ ጠዋት ተነስቶ ከሰዓት በኋላ ካምፕ መመለስ ይቻላል። "የኢትዮጵያን ጣሪያ ካልረገጥኩ" ካላላችሁ በስተቀር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ። ሰሜን ተራሮች ያሉበት የአማራ ክልል ባለፉት ዓመታት ግጭት አልተለየውም። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ደባርቅና ጎንደር ካለ ሰው ጠይቁ። አያስኬድም ካሏችሁ ባሌን ያዙ።

ባሌ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከጎባ ተነስቶ የሚያልፈው መንገድ ሳኔቲ አምባን 4,000 ሜትር ላይ ያቋርጣል፤ መኪናውም ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ ይወጣል። ምቹ ነው፣ ግን እዚህ ነው ሰው የሚሳሳተው። እኔ ራሴ ከጎባ ቁርስ በልቼ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጫፉ ላይ ቆምኩ። ከመኪና ወርጄ መቶ እርምጃ ሳልሄድ ጭንቅላቴን ይፈልጠኝ ጀመር። የዳንኩት ቶሎ ስለወረድኩ ነው። ባሌን በእግር ከፈለጋችሁት ከዲንሾ፣ 3,100 ሜትር አካባቢ፣ ፈረስ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ጀምሩ። ሽቅቡ ከሰሜን ይለዝባል፤ ጉልበቱ ለሚያመው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቀይ ቀበሮን ለማየትም ከሳኔቲ የተሻለ ቦታ የለም።

ኪሊማንጃሮ ሌላ ዓለም ነው። ጫፉ ላይ ያለው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ግማሽ ያህሉ ነው። ሻጮች ለጀማሪ የሚያቀርቡት ብዙ ጊዜ ማራንጉ የሚባለውን መንገድ ነው፤ አጭር ነው፣ ከድንኳን ይልቅ ጎጆ ውስጥ ይታደራል። ግን መኝታዎቹን እዩአቸው፦ ማንዳራ 2,720፣ ሆሮምቦ 3,720፣ ኪቦ 4,720። በእያንዳንዱ ሌሊት ሺህ ሜትር! የአምስት ቀኑ ጉዞ ርካሽ የሚመስለው የመላመጃ ቀን ስለተቀነሰበት ነው። ቢያንስ ሆሮምቦ ላይ አንድ ሌሊት ጨምሩ። እኔን ብትሰሙኝ ግን በማቻሜ መንገድ ሰባት ቀን፣ ወይም በሌሞሾ መንገድ ስምንት ቀን ውሰዱ።

ዋጋውን ስታወዳድሩ የፓርኩን ክፍያ አስቡ። ለውጭ አገር ሰው በቀን 70 ዶላር፣ ለድንኳን በሌሊት 50 ዶላር ሲደመር ታክስ፤ ሰባት ቀኑ ብቻ 950 ዶላር ይጠጋል። ከዚህ እምብዛም የማይበልጥ ዋጋ የሚጠራላችሁ ካለ የተሸካሚውን ደመወዝ ወይም ምግባችሁን እየቆረጠ ነው።

የአዲስ አበባ ሰው እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው፤ የሚኖረው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣ ዘመድ ግን ሁለት ሦስት ቀን ሸገር ውስጥ ይረፍ፣ እንጦጦን ይመላለስ፣ ከዚያ ይነሳ።

ወቅቱም ይለያያል። ሰሜን የሚያምረው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው፤ መሬቱ ገና አረንጓዴ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። ሐምሌና ነሐሴ ጭጋግና ጭቃ ነው። ኪሊማንጃሮ ደግሞ በዚያው ጊዜ ደረቅ ነው። ዕረፍታችሁ ክረምት ላይ ብቻ ከሆነ ምርጫው ወደ ታንዛኒያ ያዘነብላል።

ዕቃ ሁሉ መግዛት አያስፈልግም። ጫማውን ግን ግዙ፤ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ አውራ ጣታችሁ ቁልቁል ሲወርድ ጫፉን የማይነካ፣ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት እየተራመዳችሁ ያለማመዳችሁት። የመኝታ ከረጢቱን ተከራዩ፤ ስትከራዩ ግን ዘርግታችሁ ዚፑን ሞክሩ። ጨነቅ ላይ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል።