ከሥራ ለተቀነሰ ሰው፦ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ወይስ የግል ኢንሹራንስ?

ኮምቦልቻ ውስጥ ከምሠራበት ፋብሪካ በቅነሳ ከወጣሁ ወዲህ፣ እንደ እኔው የተቀነሱ ባልደረቦቼ በስልክም ቡና ላይም ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «እስከ ዛሬ ድርጅቱ ያሳክመን ነበር፤ ከእንግዲህ ልጅ ቢታመም በምን እናሳክማለን?» መልሴን ሳልደብቅ ልናገር፤ እኔ የማደላው ለማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፣ ማለትም ቤተሰብ በዓመት መዋጮ ከፍሎ በመንግሥት ጤና ተቋም ለሚታከምበት መድን ነው። እንከን የለውም ማለቴ አይደለም፤ እንከኑንም እዘረዝራለሁ። ሌላውን ግን በገንዘቤ ሞክሬ አይቼዋለሁ።

በቅድሚያ የድርጅቱ ሕክምና ይቀጥል ይሆናል የሚለውን ተስፋ መተው ይሻላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ስንብት ክፍያ በዝርዝር ይናገራል እንጂ፣ አሠሪው ለተሰናበተ ሠራተኛ የጤና መድን እንዲያስቀጥል የሚያስገድድ አንቀጽ የለውም። ስለዚህ መሸኛ ከመቀበላችሁ በፊት ድርጅቱ ለሠራተኞቹ በጋራ የገባው የቡድን መድን ለእናንተ የሚቆምበትን ቀን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ያልተወራረደ የሕክምና ደረሰኝ ካላችሁም እዚያው አስረክቡ። ከወጡ በኋላ ደረሰኝ ይዞ በር ላይ መቆም ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል።

ለሕክምና የምታስቡት ገንዘብ የሚመጣው ከስንብት ክፍያው ስለሆነ ሂሳቡን ማወቅ ይጠቅማል። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም የ10 ቀን፣ በቅነሳ ለወጣ ደግሞ በላዩ የ60 ቀን ይታከላል። አምስት ዓመት የሠራ ሰው እንግዲህ የ130 ቀን ደመወዝ ይደርሰዋል። ይህ ገንዘብ ብዙ ይመስላል፤ የቤት ኪራይና ጤፍ ከተቀነሰበት በኋላ ግን ለመድን የሚተርፈው ጥቂት ነው።

እኔ ያን ጥቂት ያባከንሁት በመጀመሪያው ወር ነው። አንድ ወኪል ቤቴ ድረስ መጥቶ «የቤተሰብ የጤና ካርድ» ብሎ በ4,800 ብር ሸጠልኝ። ካርዱ የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ነበር፤ የአምስታችንም ስም ታትሞበታል፤ ጀርባው ላይ የወሊድ ክትትል፣ የሕፃናት ክትባትና የቲቢ ምርመራ የሚሉ ቃላት በደማቅ ቀለም ተደርድረዋል። ልጄ ታሞ ይዤው ስሄድ መድን ሳይሆን የቅናሽ ካርድ መሆኑ ታወቀ፤ በአንድ የግል ክሊኒክ ላብራቶሪ ብቻ ከዋጋው ጥቂት ያስቀንሳል፤ መድኃኒት፣ አልጋና ቀዶ ሕክምና አይመለከተውም። ይበልጥ ያበሳጨኝ ግን በጀርባው የተደረደረው ነገር ነው፤ ወሊድ፣ ክትባትና የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያ ቀድሞውንም በነጻ የሚሰጡ ናቸው። በነጻ የማገኘውን በ4,800 ብር ገዝቻለሁ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ካርድ ሲቀርብላችሁ የመድን ውሉን፣ የዓመት ጣሪያውን (በዓመት እስከ ስንት ብር እንደሚሸፍን) እና የመድን ድርጅቱን ማኅተም ጠይቁ፤ ሦስቱ ከሌሉ አትክፈሉ።

ወደ እውነተኛው የግል ኢንሹራንስ ስንመጣ፣ ድርጅቶቹ በአብዛኛው የሚፈልጉት ቡድን እንጂ ነጠላ ቤተሰብ አይደለም። እኔ በጠየቅሁበት ቢሮ ለአምስት ሰው በዓመት 38,000 ብር ተባልሁ፤ ያውም በአንድ ጊዜ የሚከፈል። አብራን የምትኖረው እናቴ የደም ግፊት አለባት፤ ነባር በሽታ ስለሆነ አይሸፈንም አሉኝ። ለቤቴ ዋነኛው ወጪ ደግሞ እሱ ነው። ሕክምናውንም መጀመሪያ ከፍላችሁ፣ ደረሰኝ አቅርባችሁ፣ እስከ ጣሪያው ድረስ ይመለስላችኋል፤ ሥራ የሌለው ሰው ያን የመጀመሪያውን ክፍያ ከየት እንደሚያመጣ ግን ማንም አልነገረኝም።

ማኅበረሰብ አቀፉ ለወሎ እንግዳ ነገር አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ውስጥ ሲሞከር አንዷ ሐይቅ ከተማ የምትገኝባት የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ ነበረች፤ የሐይቅ አካባቢ ሰዎች እኛ የፋብሪካ ደመወዝተኞች ስሙን ሳንሰማ በካርዱ ይታከሙ ነበር። የተዘጋጀው በመደበኛ ቅጥር ላይ ላልሆነ ሰው ነው፤ ቅነሳው እኛንም ወደዚያው አስገብቶናል። እኔ እናቴን በተጨማሪ አባልነት አስገብቼ ለዓመት የከፈልሁት 1,500 ብር ነው፤ በወር 125 ብር መሆኑ ነው። ነባር በሽታ ብሎ የሚጠይቅ የለም። በዚያው ዓመት ልጄ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልገው፣ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎልን ደሴ በሚገኝ የመንግሥት ሆስፒታል ተሠራለት፤ ለቀዶ ሕክምናውም ለአልጋውም አልከፈልሁም።

እንከኑ መድኃኒት ነው። ለዚያው ልጅ የታዘዘ አንድ መርፌ በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ስላልነበረ ከውጭ በ1,260 ብር ገዛሁ፤ ከዓመቱ መዋጮ ብዙም የማይተናነስ ገንዘብ በአንድ ማዘዣ ወጣ ማለት ነው። ወረፋውም ቀላል አይደለም፤ ካርድ ክፍል ደርሶ ለመመለስ ማለዳ መነሳት ያስፈልጋል። ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድም ከኪስ ያስከፍላል፤ «አውቀዋለሁ፣ እዚያ ይሻለኛል» ብሎ ጤና ጣቢያውን መዝለል አያዋጣም። ሰው ሠራሽ ጥርስና የውጭ አገር ሕክምናም አይሸፈኑም።

ምንም ሳይገቡ ብር ማስቀመጥ ይሻላል የሚሉም አሉ። ነገር ግን 1,500 ብር አስቀምጦ ቀዶ ሕክምና የሚያሠራ የለም፤ ቅሬያችንም (ዕድራችን) ለቀብር እንጂ ለሕመም የተቋቋመ አይደለም። ለግል ኢንሹራንስ የምፈርደው ባልደረባው አዲስ ሥራ በቅርቡ የሚጀምር ከሆነና ነባር በሽተኛ ከሌለበት ብቻ ነው፤ ያኔም ቢሆን ማኅበረሰብ አቀፉን ሳይተው።

ጊዜው ግን አይጠብቅም። በእኛ ከተማ ምዝገባው በዓመት አንድ ወቅት ተከፍቶ ይዘጋል፤ ካርዴም ከከፈልሁ በኋላ ሥራ የጀመረው ከአንድ ወር ቆይታ በኋላ ነው። የቀበሌ መታወቂያና የቤተሰቡን ፎቶግራፍ ከወዲሁ አዘጋጁ።

ከውጭ ለተገዛ መድኃኒት ገንዘብ የሚመልሱ ወረዳዎች አሉ፤ የእኛም ይመልሳል። የመርፌውን ደረሰኝ ግን አልተቀበሉኝም፤ ማዘዣው ላይ «በተቋሙ የለም» የሚል ማኅተም አልነበረበትም። ከዚያ ወዲህ ማኅተሙን ሳላስመታ ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት አልነቃነቅም።