ከአይአርኤስ (ከአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት) ደብዳቤ መጣ ብላችሁ ለ«ታክስ ሪሊፍ» ድርጅት ከመክፈላችሁ በፊት

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች፣ በተለይ ራይድ የምትሠሩ (በአፕ ተሳፋሪ የምታመላልሱ)ና በራሳችሁ ስም የምትነግዱ፣ ይቺን አንብቧት። በራዲዮና በፌስቡክ «የታክስ ዕዳዎን በጥቂት ገንዘብ እናዘጋለን» የሚሉ ድርጅቶች አሉ። ከእነሱ አንዱ ራይድ ከሚሠራው ጓደኛዬ 3,800 ዶላር ተቀብሎ አንዲት ገጽ መልስ አልጻፈለትም። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ።

ለጓደኛዬ የመጣው ሲፒ 2000 የሚባለው ደብዳቤ ነው። የደብዳቤው ቁጥር ጥግ ላይ ይጻፋል፤ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ። ሲፒ 2000 የክፍያ መጠየቂያ አይደለም፣ የተለመደው ኦዲትም አይደለም። አሠሪና ባንክ ስለ እናንተ የላኩት ቅጽ እናንተ ካስገባችሁት ጋር ሳይገጥም ሲቀር አይአርኤስ «ይህን ያህል ልጨምርባችሁ አስቤአለሁ፣ ምን ትላላችሁ?» የሚልበት ነው። እስማማለሁ ወይም አልስማማም የምትሉበት ቅጽ አብሮ ይመጣል። የመልሱ ቀን መጀመሪያ ገጽ ላይ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ነው።

የእሱ ደብዳቤ ከ8,000 ዶላር በላይ ይላል። እግሩ ተሳሰረ። ግን ምኑ ነበር ያልገጠመው? አፑ ለአይአርኤስ የሚልከው 1099ኬ የሚባለው ቅጽ ተሳፋሪው የከፈለውን ጠቅላላ ሂሳብ ነው የሚያሳየው። የአፑ ኩባንያ የሚቆርጠው ኮሚሽን እዚያው ውስጥ ተደምሯል። ታክስ የሠራለት ሰው ደግሞ ባንክ የገባውን ብቻ ጽፎለታል። ጠቅላላው በገቢ፣ ኮሚሽኑ በወጪ መጻፍ ነበረበት። ስለዚህ አይአርኤስ ታክስ ልጠይቅበት ያለው ልጁ እጅ ገብቶ የማያውቅ ብር ነው። መልሱ አፑ በዓመቱ መጨረሻ የሚያወጣው የታክስ ማጠቃለያና አንድ ገጽ ማብራሪያ ነበር። በቃ።

ድርጅቱ ይህን እንዴት ሳያየው ቀረ? ደብዳቤውን አላነበበማ! ስልክ የሚያነሳው ሰው ሻጭ ነው። «የደብዳቤው ቁጥር ስንት ነው?» አላለውም። «ስንት ነው የጠየቁህ? በካርድ ነው የምትከፍለው?» ነው ያለው። በስልክ ላይ እንዳለ ውሉ በኢሜይል መጣለት፣ እዚያው በጣቱ ፈረመ።

ውሉ ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው «ምርመራ» ይባላል። በፎርም 2848 ውክልና ይወስዱና ከአይአርኤስ ትራንስክሪፕታችሁን፣ ማለትም እሱ ዘንድ ያለውን የታክስ መዝገባችሁን፣ ያወጣሉ። ይህን ወረቀት እናንተ ራሳችሁ በአይአርኤስ ድረ ገጽ አካውንት ከፍታችሁ በነጻ ታወጡታላችሁ። ሁለተኛው «መፍትሔ» ነው፣ ሌላ ክፍያ አለው። የመጀመሪያው ክፍያ እንደማይመለስ ውሉ ላይ በደቃቅ ፊደል ሰፍሯል። ለሲፒ 2000 መልስ መጻፍ ግን በየትኛውም ደረጃ ውስጥ የለም። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው።

እነሱ «በሂደት ላይ ነው፣ አንተ ከአይአርኤስ ጋር እንዳታወራ» እያሉ ቀኑ አለፈ። ከዚያ በሰርቲፋይድ ሜይል ሌላ ደብዳቤ መጣ። ይሄኛው ቀልድ አያውቅም። ኖቲስ ኦፍ ዴፊሸንሲ (የጎደለ ታክስ አለባችሁ የሚል ማስታወቂያ) ይባላል፤ ሰው የ90 ቀን ደብዳቤ ይለዋል። በ90 ቀን ውስጥ (ደብዳቤው ከአሜሪካ ውጭ ላለ ሰው ከተላከ በ150) ለታክስ ፍርድ ቤት አቤቱታ ካልገባ ዕዳው ይጸናል። አይአርኤስ ይህን ቀን የማራዘም ሥልጣን የለውም። ቀኑ እየሄደ ማስረጃ ልትልኩላቸው ትችላላችሁ፣ ሰዓቱ ግን አይቆምላችሁም። የአቤቱታው ክፍያ 60 ዶላር ነው። ጓደኛዬ ይህን ደብዳቤ ለድርጅቱ ሲልክላቸው ያሉት ነገር ቢኖር «ሁለተኛውን ደረጃ ክፈልና እንቀጥል» ነው።

ባለሙያ አትያዙ እያልኩ አይደለም። ጓደኛዬን ያወጣው ባለሙያ ነው። ኢንሮልድ ኤጀንት (በአይአርኤስ ፊት እንድትወክል ፈቃድ ያላት የታክስ ባለሙያ) ናት፤ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ገጽ አነበበችና «እስኪ የአፑን ማጠቃለያ አምጣልኝ» አለችው። አዲስ 2848 ስታስገባ ለዚያው ዓመትና ጉዳይ የተሰጠው የድርጅቱ ውክልና ወደቀ። ማስረጃውን ለአይአርኤስ ላከች፣ አቤቱታውን ደግሞ እሱ ራሱ በስሙ ቀኑ ሳያልፍ አስገባ። ያስከፈለችው ድርጅቱ ከወሰደው ሩብ አይሞላም።

በአይአርኤስ ፊት ሙሉ በሙሉ ሊወክሏችሁ የሚችሉት በዋናነት ጠበቃ፣ ሲፒኤ (ፈቃድ ያለው የሂሳብ ባለሙያ) እና ኢንሮልድ ኤጀንት ናቸው። ፒቲን ያለው ታክስ ሠሪ ሁሉ ሊከራከርላችሁ አይችልም፤ ፒቲን ታክስ እየሠራ ለሚከፈለው ሰው ሁሉ የሚሰጥ ቁጥር ነው። ስለዚህ የሚይዘውን ሰው ስም ጠይቁ፣ የድርጅቱን ስም አይደለም። በአይአርኤስ የባለሙያዎች ዝርዝር ውስጥ ፈልጉት። መልሱን በየትኛው ቀን እንደሚልክ በጽሑፍ ይስጣችሁ፣ ከላከ በኋላ ቅጂውን ተቀበሉ። ስሙን ለመንገር ካንገራገረ ስልኩን ዝጉት።

አቅም ከሌላችሁ ሎው ኢንካም ታክስፔየር ክሊኒክ የሚባል፣ ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው ከአይአርኤስ ጋር የሚከራከር ድርጅት አለ። ክርክሩ ለአንድ ዓመት ከ50,000 ዶላር በታች ከሆነና ገቢያችሁ ከድህነት መለኪያው 250 በመቶ ካላለፈ በአብዛኛው በነጻ ወይም በጣም በትንሽ ክፍያ ይይዟችኋል። እንግሊዝኛ ከበዳችሁም አይአርኤስ ስትደውሉ አስተርጓሚ ጠይቁ።

ማስታወቂያው ላይ የሚያጓጓችሁ «ዕዳ ማስቀነስ» ኦፈር ኢን ኮምፕሮማይዝ የሚባለው፣ ከዕዳው ባነሰ ገንዘብ ለመጨረስ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። እውነት አለ፣ ግን ለሁሉም አይደለም። ገቢያችሁንና ንብረታችሁን አስልተው ዕዳውን መክፈል እንደማትችሉ ሲያዩ ነው በአብዛኛው የሚቀበሉት። ትችሉ እንደሆነ የሚያሳይ መሣሪያ አይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ በነጻ አለ፤ ማመልከቻው 205 ዶላር ነው፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ደግሞ እሱም ይቀራል። ገና ደብዳቤያችሁን ሳያይ «ትችላለህ» የሚላችሁ ሰው ከምን ተነስቶ ነው? ጓደኛዬ እኮ ጭራሽ ዕዳ አልነበረበትም።

ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ታክስማስተርስ የሚባለው የቴክሳስ ድርጅት በቴሌቪዥን ማስታወቂያ የታወቀ ነበር። የግዛቱ ዐቃቤ ሕግ ከሶት በ2012 ጁሪ (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) 195 ሚሊዮን ዶላር ፈረደበት። ድርጅቱ ግን ያኔ ኪሳራ አውጆ ነበር።

ከፍላችሁ ከሆነ ውሉን፣ የካርድ ደረሰኙንና ኢሜይሎቹን አንድ ላይ አስቀምጡ። ለባንካችሁ ያልተሰጠ አገልግሎት ብላችሁ ክፍያውን ተከራከሩ። በዚህ ብዙ አትቆዩ፣ የጊዜ ገደብ አለው። ለኤፍቲሲ (ሸማቾችን ከማታለል ለሚከላከለው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን) እና ለምትኖሩበት ግዛት ዐቃቤ ሕግ ቢሮም አመልክቱ። የጓደኛዬ ባንክ ጉዳዩን ገና እያየው ነው፤ ድርጅቱ ደግሞ «ምርመራው ተጠናቋል» ብሎ ሦስት ገጽ ትራንስክሪፕት ልኮ መልሷል።