የብሪታንያ የኤሌክትሪክ ፍተሻና ልኬት ፈተና፦ የትኛውን ኮርስ፣ በየትኛው መንገድ?

ብሪታንያ ውስጥ በኤሌክትሪክ ሙያ የተሰማራ ሰው ከመስመር ዝርጋታና ከጥገና አልፎ የተሠራውን መፈተሽ፣ መለካትና በሰነድ ማረጋገጥ ሲፈልግ፣ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ሲቲ ኤንድ ጊልድስ የተባለው የሙያ ምዘና ተቋም የሚሰጠውን የ2391 የብቃት ማረጋገጫ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በግል የሚከራዩ ቤቶችን የኤሌክትሪክ ደህንነት የሚመለከተው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የፍተሻ ሥራ ራሱን የቻለ መተዳደሪያ ሆኗል። ደንቡ ከጁላይ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ለአዲስ ኪራይ፣ ከኤፕሪል 1 ቀን 2021 ጀምሮ ለነባር ኪራይ፣ አከራዩ ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ የቤቱን የኤሌክትሪክ መስመር ብቃት ባለው ባለሙያ እንዲያስፈትሽ ያስገድዳል። በሪፖርቱ ላይ የሚሰፍረው ፊርማ በዚያ ቤት ውስጥ የሚያድር ቤተሰብን ሕይወት የሚመለከት በመሆኑ፣ ለዚህ ፈተና የሚደረገው ዝግጅት ወረቀት ለማግኘት ብቻ የሚሮጥበት ጉዳይ ሊሆን አይገባም። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በዚያ አገር ለሚሠሩና ኮርስ ለመግዛት ለሚያስቡ አማርኛ አንባቢዎች የተዘጋጀ ነው።

ሦስቱ የ2391 ዓይነቶች

በገበያ ላይ የሚገኙት 2391-50፣ 2391-51 እና 2391-52 ናቸው፤ ሦስቱም የደረጃ 3 ማረጋገጫዎች ናቸው። 2391-50 አዲስ የተዘረጋ ወይም ተጨማሪ የተሠራ መስመር መጀመሪያ ኃይል ከማግኘቱ በፊትና ካገኘ በኋላ የሚደረግለትን ማረጋገጫ ይመለከታል። 2391-51 በአገልግሎት ላይ የቆየ መስመር በየጊዜው የሚደረግለትን ፍተሻና በምኅጻረ ቃል ኢ አይ ሲ አር የሚባለውን የሁኔታ ሪፖርት አዘገጃጀት ይመለከታል። 2391-52 ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ነው።

ለአብዛኛው ሰው የሚበጀው 2391-52 ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለቱን ለየብቻ የሚወስድ ሰው ሁለት ጊዜ ከሥራ ይቀራል፣ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፣ የልኬቱንም አሠራር በአመዛኙ ሁለት ጊዜ ይማራል። 2391-50ን ብቻ መውሰድ የሚያዋጣው በአዳዲስ ግንባታዎች ላይ ለአንድ ተቋራጭ ለሚሠራና የራሱን ሥራ ብቻ ለሚያረጋግጥ ሰው ነው። የኪራይ ቤቶችን ሪፖርት ብቻ መሥራት ፈልጎ 2391-51ን ለብቻው ለመግዛት የሚያስብ ሰው ግን ቆም ብሎ ቢያስብ ይሻላል። አሮጌ መስመርን መመርመር ከአዲሱ ይልቅ የሚከብድ ሥራ ነውና። ሥዕል በሌለበት፣ ቀድሞ ማን እንደሠራው በማይታወቅበት ቤት ውስጥ የታየውን ጉድለት ሲ 1፣ ሲ 2፣ ሲ 3 ወይም ኤፍ አይ ብሎ መመደብ ይጠይቃል። ሲ 1 አደጋው አሁን ያለ መሆኑን፣ ሲ 2 አደጋ ሊያስከትል የሚችል መሆኑን፣ ሲ 3 መሻሻል የሚመከር መሆኑን፣ ኤፍ አይ ተጨማሪ ምርመራ የሚያሻ መሆኑን ያመለክታሉ። ከሲ 3 በስተቀር አንዱ እንኳ ከተመዘገበ ሪፖርቱ አጥጋቢ አይደለም ተብሎ ይጻፋል፤ አከራዩም በ28 ቀናት ውስጥ፣ ወይም ሪፖርቱ ያነሰ ጊዜ ካስቀመጠ በዚያ ጊዜ ውስጥ፣ ማሠራት ይኖርበታል። አዲስ መስመር ምን መምሰል እንዳለበት ጠንቅቆ ያላወቀ ሰው ይህን ፍርድ በልበ ሙሉነት ሊሰጥ አይችልም።

ኢ ኤ ኤል የሚባለው ተቋምም ተመሳሳይ ማረጋገጫዎችን ይሰጣል። በሁለቱ ስሞች መካከል በማወዳደር ብዙ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም፤ ልዩነቱ የሚመጣው ከማሠልጠኛው ነው።

አንድ ነገር አስቀድሞ ግልጽ መሆን አለበት። ይህ ኮርስ ጀማሪን ኤሌክትሪሺያን አያደርግም። ኢትዮጵያ ውስጥ በቴክኒክና ሙያ ተምሮ የሲኦሲ ምዘና አልፎ የመጣ ባለሙያ የእጅ ሙያው ብዙ የሚጠቅመው ቢሆንም፣ የብሪታንያን የመስመር ዝርጋታ ደንብ ማለትም ቢ ኤስ 7671ን ሳያውቅ ወደ 2391 ቢገባ ገንዘቡን ለአደጋ ያጋልጣል። የ18ኛውን እትም ደንብ የሚመለከተውን 2382 የተባለውን ፈተና አስቀድሞ መውሰድ ይበልጥ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ነው። የወርቅ ካርድ የሚባለውን የሥራ መታወቂያ ለማግኘት ደግሞ 2391 ብቻውን አይበቃም፤ የሙያ ብቃት ማስረጃና ኤ ኤም 2 የሚባለው የተግባር ምዘናም ይጠየቃሉ።

ሦስቱ የመዘጋጃ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ በአካል የሚሰጥ፣ በተከታታይ ቀናት የሚጠናቀቅ ኮርስ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አንድ የሥራ ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ሁለተኛው ንድፈ ሐሳቡ በኢንተርኔት ተጠንቶ ለተግባር ልምምድና ለምዘና ብቻ ወደ ማሠልጠኛ የሚኬድበት ነው። ሦስተኛው በቅዳሜና እሑድ ወይም በምሽት ተከፋፍሎ ለሳምንታት የሚዘልቀው ነው።

በዋጋ ብቻ ካየን ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ በግሉ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ከሥራ የሚቀርበት ቀን ማነሱ ራሱ ገንዘብ ነው። ይሁንና እውነተኛው ማነጻጸሪያ ተፈታኙ በመለማመጃው ሰሌዳ ፊት ለፊት መለኪያውን በእጁ ይዞ ለስንት ሰዓት ይሠራል የሚለው ነው። የተግባር ምዘናው ሰው ፊት፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ፣ መስመሩን ከማጥፋት እስከ ሰንጠረዥ መሙላት ያለውን በሙሉ ያካትታል። ይህን በቪዲዮ አይቶ የተረዳው ሰው እጁ እስኪለምደው ድረስ ካልደገመው በፈተናው ዕለት ይደናገራል።

ለምሳሌ ከሥራ በፊት መስመሩን አጥፍቶ ኃይል አለመኖሩን የማረጋገጥ ሥርዓትን እንውሰድ። ትክክለኛውን ማጥፊያ መለየት፣ ማጥፋት፣ መቆለፍ፣ የማስጠንቀቂያ ምልክት መስቀል፣ ቁልፉን ራስ ዘንድ መያዝ፣ የቮልቴጅ ጠቋሚውን በሚታወቅ ምንጭ ላይ መሞከር፣ ከዚያ መስመሩን መፈተሽ፣ በመጨረሻም ጠቋሚውን ዳግመኛ በምንጩ ላይ መሞከር ያስፈልጋል። በነጠላ ፌዝ ሰሌዳ ላይ ሦስት ፍተሻ፣ በሦስት ፌዝ ሰሌዳ ላይ አሥር ፍተሻ ይደረጋል። ሁሉም ሰው አውቀዋለሁ የሚለው ነገር ይህ ነው፤ ነገር ግን ለዓመታት በችኮላ ሲሠራ የኖረ ባለሙያ የመጨረሻዋን ዳግመኛ ሙከራ ይዘላታል። ይህ ለመዛኙ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ጥፋት አይደለም፣ መሆንም የለበትም፤ ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነውና።

ሁለተኛው ምሳሌ ብሪታንያ ውስጥ በሶኬት መስመሮች የተለመደው የቀለበት ሰርኪዩት፣ ማለትም ከሰሌዳው ወጥቶ ሶኬቶቹን ዞሮ ወደዚያው ሰሌዳ የሚመለሰው መስመር ነው። ላይን፣ ኒውትራልና ኧርዝ ሽቦዎቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለካሉ፤ ላይኑ 2.5፣ ኧርዙ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ ኬብል ላይ የኧርዙ ልኬት የላይኑን 1.67 ጊዜ ያህል መሆን አለበት። ላይኑ 0.60 ኦም፣ ኧርዙ 1.00 ኦም ቢያነብ፣ ጫፎቹ ተሻግረው ከተገናኙ በኋላ በየሶኬቱ የሚነበበው የሁለቱ ድምር ለአራት ተካፍሎ 0.40 ኦም ገደማ ይሆናል። በአገልግሎት ሰጪው በኩል ያለው የውጭ ልኬት 0.35 ኦም ከሆነ ብልሽት ሲፈጠር ከረንቱ የሚዞርበት መንገድ ጠቅላላ ልኬት 0.75 ኦም ይደርሳል። ለ32 አምፔር ዓይነት ቢ ብሬከር ደንቡ የሚፈቅደው ከፍተኛ ልኬት 1.37 ኦም ነው፤ ሽቦው ሥራ ላይ ሲሞቅ ልኬቱ እንደሚጨምር ታስቦ 80 በመቶው ሲወሰድ 1.10 ኦም ያህል ስለሚሆን፣ መስመሩ ያልፋል። ይህን ስሌት ከልብ የያዘ ሰው የጽሑፍ ፈተናውንም የተግባሩንም ግማሽ መንገድ ተጉዟል። ኢትዮጵያ ውስጥ ቀጥታ በሚሄዱ መስመሮች ላይ ብቻ ሲሠራ የቆየ ባለሙያ ግን ጫፎቹን ማሻገሩ መጀመሪያ ላይ ግራ ስለሚያጋባው፣ አሠልጣኝ አጠገቡ ቆሞ ሲሳሳት የሚያርመውን መንገድ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ስለዚህ በየዕለቱ የሚለካና ሰንጠረዥ የሚሞላ ሰው የአንድ ሳምንቱን ኮርስ ወይም የኢንተርኔቱን ያለ ሥጋት ሊመርጥ ይችላል። እጁ በዝርጋታ የሠለጠነ፣ ነገር ግን መለኪያውን ከስንት አንዴ የሚያነሳ ሰው፣ በተለይም የእንግሊዝኛ ንባቡ ዝግ ያለ ከሆነ፣ የቅዳሜና እሑዱን እንዲመርጥ እመክራለሁ። በሁለት ክፍለ ጊዜዎች መካከል ያለው ሳምንት የተማሩትን በሥራ ቦታ ለመሞከርና ያልገባን ነገር ይዞ ለመመለስ ያስችላል። በአምስት ቀን የታጨቀው ግን ሰኞ ያልገባው ሰው ዓርብን በጭንቀት እንዲጠብቅ ያደርገዋል።

የጥያቄ ባንኮች

በኢንተርኔት የሚሸጡት የጥያቄ ስብስቦች ርካሽ በመሆናቸው ብዙ ሰው ዝግጅቱን ከእነርሱ ይጀምራል። ለባለ ምርጫው ፈተና ፍጥነትን ለመለማመድ ይጠቅማሉ፤ ለተግባሩ ምዘና ግን ምንም አያደርጉም። ከሁሉ የሚያሠጋው ጊዜ ያለፈባቸው መሆናቸው ነው። ከመግዛት በፊት በነጻ ናሙናው ላይ ስለ አር ሲ ዲ፣ ማለትም ከረንት ወደ ኧርዝ ሲፈስ መስመሩን ስለሚቆርጠው መሣሪያ፣ የሚጠይቀውን መፈለግ ጥሩ ማጣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው የቢ ኤስ 7671 ሁለተኛ ማሻሻያ ወዲህ፣ መዘግየት የሌለበት አጠቃላይ አር ሲ ዲ በተሰየመበት የመፍሰሻ ከረንት በተለዋዋጭ ከረንት ተፈትኖ በ300 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ መቁረጡ ይረጋገጣል። ናሙናው አምስት እጥፍ ከረንት ተልኮ በ40 ሚሊ ሰከንድ መቁረጥ ግዴታ ነው የሚል መልስ ከሰጠ ስብስቡ አልታደሰም ማለት ነው፤ ባይገዛ ይሻላል።

መጻሕፍት

ሁለት መጻሕፍት አስፈላጊ ናቸው፤ ቢ ኤስ 7671 ራሱና ጋይዳንስ ኖት 3 የሚባለው የፍተሻና የልኬት መመሪያ። ገንዘብ የሚያጥር ከሆነ የመጀመሪያውን ከሥራ ባልደረባ ተውሶ ሁለተኛውን መግዛት ይሻላል። ምክንያቱም ደንቡ ምን መሟላት እንዳለበት ሲናገር፣ መመሪያው እንዴት እንደሚለካ ደረጃ በደረጃ ያሳያል፤ ለምሳሌ እስከ 500 ቮልት ባለው መስመር ላይ የኢንሱሌሽን ልኬት በ500 ቮልት ቀጥተኛ ከረንት ተደርጎ ከ1 ሜጋ ኦም ማነስ እንደሌለበት ብቻ ሳይሆን፣ በዚያ ቮልቴጅ ሊጎዱ የሚችሉ መሣሪያዎች አስቀድመው መነቀል እንዳለባቸው ያስታውሳል። ሌላ ሰው የተጠቀመበትን መጽሐፍ መግዛት ነውር የለውም፤ ነገር ግን ፈተናው ከሚመሠረትበት ማሻሻያ ጋር የሚሄድ መሆኑ ሽፋኑ ተገልጦ መታየት አለበት። መጽሐፍ ይዞ መግባት በሚፈቀድበት ክፍል እንኳ ገጹን ፍለጋ የሚያገላብጥ ሰው ሰዓቱ ያልቅበታል።

መለኪያ መሣሪያ፦ መግዛት ወይስ መከራየት

ባለ ብዙ አገልግሎት መለኪያ በመቶዎች የሚቆጠር ፓውንድ ያስወጣል። ለፈተናው ሲባል ብቻ መግዛት አያስፈልግም፤ ማሠልጠኛው የራሱን ያቀርባል። ከፈተናው በኋላ በግሉ ለመሥራት ላሰበ ሰው ግን አስቀድሞ ገዝቶ በዚያው መለማመድ ትርጉም አለው፣ ማሠልጠኛው በራስ መሣሪያ መፈተንን የሚፈቅድ እስከሆነና የመለኪያው የትክክለኛነት ማረጋገጫ ጊዜው ያላለፈ እስከሆነ ድረስ። ሜገር፣ ፍሉክና ኪውቴክ በሥራ ቦታ ዘወትር የሚታዩ ስሞች ናቸው፤ ሦስቱም ሥራውን ይሠራሉ። ከስሙ ይልቅ የመንኪያ ዘንጎቹ ጫፍ መታየት አለበት፤ የብሪታንያ የጤናና ደህንነት ባለሥልጣን መመሪያ እንደሚያዘው የተጋለጠው ብረት ከ4 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም።

ከመክፈል በፊት ለማሠልጠኛው የሚቀርቡ ጥያቄዎች

በአንድ የመለማመጃ ሰሌዳ ላይ ስንት ሰው ይሠራል? ለእኔ ይህ ከዋጋውም ከሕንፃው ውበትም የሚቀድም ጥያቄ ነው። አራት ሰው አንድ ሰሌዳ የሚጋራበት ክፍል ውስጥ ሦስቱ ቆመው ያያሉ። ሁለት ሰው የሚጋራበት ኮርስ ዋጋው ከፍ ቢልም ውጤቱ ይመለሳል። ሰሌዳዎቹ ሦስት ፌዝም እንዳላቸው መጠየቅ አለበት።

ቀጥሎ፣ የወደቀ ሰው አንዱን ክፍል ብቻ ነው የሚደግመው ወይስ ሁሉንም፣ ለድጋሚውስ ስንት ይከፈላል የሚለው በጽሑፍ ይጠየቅ፤ በስልክ የተነገረ ተስፋ በኋላ ላይ አያስይዝም። የምዘናው ቀን ከኮርሱ ጋር አብሮ የተያዘ ነው ወይስ ወራት የሚጠበቅበት? የትኛው የቢ ኤስ 7671 ማሻሻያ ነው የሚፈተነው? ወደ ፈተናው የትኞቹን መጻሕፍት ይዞ መግባት ይፈቀዳል? እነዚህን በቀጥታ የማይመልስ ማሠልጠኛ፣ ማስታወቂያው የቱንም ያህል ቢያምር፣ መታለፍ ይገባዋል። የሚቻል ከሆነ ደግሞ ከመክፈል በፊት አንድ ቀን ሄዶ ሰሌዳዎቹን በዓይን ማየትና በዚያ ከሚማሩት አንዱን ዛሬ ለስንት ሰዓት መለኪያ ይዘህ ሠራህ ብሎ መጠየቅ ነው።