ከሒርማታ ገበያ አጠገብ ያለችው የመንፈሳዊ መጻሕፍት ሱቅ

ታናሽ ወንድሜ መካነ ኢየሱስ መማር ከጀመረ ወዲህ ቤታችን ውስጥ እራት ያለ ክርክር አይበላም። እርሱ «መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ» ይላል፤ እኔ የአባቶችን ትውፊት እጠቅሳለሁ። ባለፈው ወር ሒርማታ ቡና ልገዛ ወጥቼ፣ 81 መጻሕፍት ያሉትን የኦርቶዶክስ መጽሐፍ ቅዱስ ፍለጋ ወደዚህች ጠባብ ሱቅ ገባሁ።

ባለሱቁ አዛውንት ናቸው። 81ዱንና የፕሮቴስታንቶቹን 66ቱን በአንድ መደርደሪያ ጎን ለጎን አስቀምጠዋል፤ እዚህ ጅማ ሌላ ቦታ እንዲህ አላየሁም። የቤታችንን ክርክር ስነግራቸው «ልጄ፣ ማርቆስ 7ን አውጪ» አሉኝ። ጌታ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ትተው የሰውን ወግ የሚጠብቁትን ይገሥጻል። ቀጥለው 2ኛ ተሰሎንቄ 2፥15ን አስገለጡኝ፤ በቃልም ሆነ በመልእክት የተማራችሁትን ወግ ያዙ ይላል። ያው «ወግ»! ሁለቱን ገጾች በጣቶቼ ይዤ ብዙ ቆምሁ። ስንት ዓመት አንብቤ አልፌዋለሁ።

ማታ ለወንድሜ አሳየሁት። መጽሐፉ ብቻውን አንድ የሚያደርግ ቢሆን፣ የፕሮቴስታንት መሪዎቹ ሉተርና ዝዊንግሊ እ.ኤ.አ. በ1529 ማርቡርግ ላይ «ይህ ሥጋዬ ነው» በሚለው ቃል ባልተለያዩ ነበር አልሁት። እርሱም መልስ አላጣም፦ «እትዬ፣ የእናንተስ ሊቃውንት ትውፊቱ እያላቸው በክርስቶስ ባሕርይ ትምህርት ቅባትና ጸጋ ተባብለው አልተከፋፈሉም? ዐፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ የጠሩት ለምን ነበር?» እውነቱን ነው። ቢሆንም እኔ ከአባቶች አልለይም። ወልድ ፍጡር ነው ያለው አርዮስም እኮ ጥቅስ ነበረው። በኒቅያ 318ቱ ሊቃውንት የመለሱለት ቃሉ እንዴት እንደሚተረጎም ነው፤ «ከአብ ጋር በመለኮቱ የሚተካከል» ብለን በየቅዳሴው የምንጸልየው ከዚያ ጉባኤ የመጣ ነው።

ወደ ሱቁ ልመለስ። የገዛሁት መጽሐፍ ቅዱስ በሁለተኛው ሳምንት ጥራዙ ለቀቀ፤ ዘፍጥረት ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ይዤው ስሄድ ባለሱቁ አንድም ቃል ሳይናገሩ ቀየሩልኝ። በዚያው የአባቶች ትምህርት የተሰበሰበበትን ሃይማኖተ አበውን ገዛሁ፤ ግእዙና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመበት ስለሆነ እንደ እኔ ግእዝ ለማያውቅ ይመቻል። ሱቋ ውስጥ መብራቱ ደካማ ነው። ፊደሉ ደቃቅ የሆነ እትምም ስላለ፣ ከመክፈላችሁ በፊት በሩ ላይ ወጥታችሁ በፀሐይ ብርሃን አንብቡት፤ ጥራዙንም ሳብ አድርጋችሁ ፈትሹ።